የካውንቲ ፓርክ ለማኅበራችሁ ዝግጅት ማስያዝ፦ ከወረቀቱ እስከ ከሰሉ

ኦገስት ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። ደዋዩ ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። "ፍላየሩን በትነናል፣ ፓርኩ ግን ተይዟል አሉን። ምን ይሻላል?" በዚያ ሰዓት የሚሻል ነገር የለም። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

መመሪያው በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ላሉ ማኅበራት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጌይተርስበርግ፣ ጀርመንታውን። ቨርጂኒያ ወይም ሌላ ስቴት ያላችሁ ቅደም ተከተሉን ውሰዱና የመሥሪያ ቤቱን ስም በእናንተው ቀይሩ። ዋጋ ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ይለዋወጣል፣ በምታመለክቱበት ቀን ገጹ ላይ እዩት።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ቦታ ማስያዝና ፈቃድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሼልተር፣ ማለትም ጣሪያና ጠረጴዛ ያለውን የፓርክ መጠለያ፣ አስይዛችሁ ሞንታርቦ ለማቆም፣ ምግብ ለመሸጥ ወይም ድንኳን ለመትከል ግን ፈቃድ ላይኖራችሁ ይችላል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

## ደረጃ 1፦ ወረቀቱን አንድ ፋይል ውስጥ ሰብስቡ

ፓርክ ከመምረጣችሁ በፊት የሚከተሉትን ስካን አድርጋችሁ ማኅበሩ በሚጠቀምበት ኢሜይል ላይ አስቀምጡ። የጸሐፊው የግል ኢሜይል ላይ አይሁን። ጸሐፊው ሲቀየር ፋይሉም አብሮ ይሄዳል።

1. አይአርኤስ፣ ማለትም የፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የላከላችሁ የ501(ሲ)(3) ማረጋገጫ ደብዳቤ። ከግብር ነፃ የሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሆናችሁን የሚያሳየው ይህ ነው።
2. የማኅበሩ የታክስ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ኢአይኤን። ይህን አይአርኤስ በነፃ ነው የሚሰጠው። "እኛ እናወጣላችሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።
3. ማኅበሩ በስቴቱ ዘንድ በ"ጉድ ስታንዲንግ" ላይ፣ ማለትም ምዝገባው ያልተቋረጠ፣ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ወይም ስክሪንሾት። በሜሪላንድ ይህን የምታገኙት ኤስዳት ከሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ነው።
4. የተሞላና የተፈረመበት ደብልዩ-9፣ ማለትም የማኅበሩን ስምና የታክስ ቁጥር የሚያሳውቅ ቅጽ።
5. ቦርዱ "እገሌ በማኅበሩ ስም እንዲፈርም ወክለነዋል" ብሎ የጻፈው አንድ ገጽ ደብዳቤ።
6. ኢንሹራንስ ካላችሁ የኢንሹራንስ ወኪላችሁ ስልክ።

አሁን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የማኅበሩን ስም ብቻ አንብቡ። በአንዱ ላይ "ኢንኮርፖሬትድ" አለ፣ በሌላው የለም? አንዱ ላይ "ኮሙኒቲ አሶሲዬሽን"፣ ሌላው ላይ "ኮሙኒቲ ሴንተር" ይላል? ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ፊደሉ ተለያይቷል? ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። በእኛ ማኅበር ግን አንድ የኢንሹራንስ ወረቀት በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል። ከአሁን በኋላ በየቅጹ የምትጽፉት የአይአርኤሱ ደብዳቤ ላይ ያለውን ስም ነው፣ ፊደል በፊደል።

እዚህ ላይ ከተበላሸ

*አይአርኤስ ከግብር ነፃነታችሁን ሰርዞት ከሆነ።* ዓመታዊ ገቢያቸው በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት 990-ኤን የምትባለውን አጭር የኢንተርኔት ቅጽ በየዓመቱ መሙላት አለባቸው። የበጀት ዓመታችሁ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው። 3 ዓመት በተከታታይ ካልሞላችሁ ነፃነቱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። በአይአርኤስ የፍለጋ ገጽ ላይ ኢአይኤናችሁን አስገብታችሁ አሁኑኑ አረጋግጡ። ተሰርዞ ከሆነ እንደገና ማመልከት ግድ ነው፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ለዘንድሮ ዝግጅት አይደርስላችሁም ብላችሁ አስቡ።

*ኤስዳት ላይ ከስማችሁ ጎን "ፎርፊትድ" ከተጻፈ።* ምዝገባችሁ ተቋርጧል፣ ብዙ ጊዜም ዓመታዊ ሪፖርት አላስገባችሁም ማለት ነው። ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው። የቀሩትን ሪፖርቶች አስገቡና ስማችሁ እንዲመለስ ጠይቁ።

*እድራችሁ ጭራሽ ካልተመዘገበ።* ብዙ እድር እንዲህ ነው፣ ምንም ነውር የለውም። ያኔ ሼልተሩን አንድ አባል በግል ስሙ ይይዛል። ነገር ግን ያ ሰው ምን እንደሚፈርም ይወቅ። ጠረጴዛ ቢሰበር፣ ልጅ ቢጎዳ፣ ቅጣት ቢመጣ ወረቀቱ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ፈርሙልኝ" ብሎ ሽማግሌ ማስፈረም ደግ አይደለም።

## ደረጃ 2፦ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሆነ ወስኑ

ኮሚቴው ተሰብስቦ ከሚከተሉት አንዱን ይምረጥ። "ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ" አይሠራም።

* የአባላት ሽርሽር። የተጋበዘ ሰው ብቻ ይመጣል፣ ሁሉም ከቤቱ ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ሽያጭ የለም። ቀላሉ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሼልተር ማስያዣ ይበቃዋል።
* ለሕዝብ ክፍት የሆነ በዓል። ፍላየር ይበተናል፣ መድረክ አለ፣ ሻጮች አሉ። ይህ ልዩ የዝግጅት ፈቃድ ይፈልጋል። ሥራው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።
* የበጎ ፈቃድ ሥራ። ፓርክ ማጽዳት፣ ወራሪ አረም መንቀል።
* የተፈጥሮ ትምህርት ለልጆች። የፓርኩ ባለሙያ ይመራዋል።

ፌስቡክ ላይ "ሁላችሁም ተጋብዛችኋል" ብላችሁ የለጠፋችሁት ነገር የአባላት ሽርሽር አይደለም። የፓርኩ ቢሮም ፌስቡክ ያነባል።

### ገንዘብ ከሌላችሁ በመጨረሻዎቹ ሁለት ጀምሩ

ብዙ ማኅበራት ይህን በር አያውቁትም። የካውንቲውን ፓርኮች የሚያስተዳድረው ሞንጎመሪ ፓርክስ "ዊድ ዋሪየርስ" የሚባል ወራሪ አረም የሚነቅሉ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለው። በቡድን የሚሠራ የጽዳት ቀንም ያዘጋጃል። ዊተን ሪጅናል ፓርክ ውስጥ ብሩክሳይድ፣ ሮክ ክሪክ ሪጅናል ፓርክ ውስጥ ሜዶሳይድ የሚባሉ የተፈጥሮ ማዕከላት አሉ። በቡድን ልጆች ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀን ያዙ። ለአትክልት ሥራ የሚከራዩ የጋራ መሬቶችም አሉ። ጎመንና ቃሪያ የሚያበቅሉ እናቶቻችን ወረፋ እንዳለው ቢያውቁ በጊዜ ይመዘገቡ ነበር።

ሌላም ጥቅም አለው። የሜሪላንድ ተማሪ ሃይስኩል ለመጨረስ የአገልግሎት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች 75 ሰዓት ነው። ልጆቻችሁ "ኤስኤስኤል" የሚሉት ይህን ነው። ሰዓቱ እንዲቆጠር ሥራው አስቀድሞ የጸደቀ መሆን አለበት። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ "ይፈረምልን" ማለት ያስቸግራል።

ለጽዳት ወይም ለአረም ቀን ስትወጡ እነዚህን አትዝለሉ፦

1. ረጅም ሱሪና ሙሉ ጫማ አስለብሱ። መዥገር አለ። በዚህ አካባቢ መዥገር "ላይም" የተባለ በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ቤት ስትገቡ የልጆቹን ጉልበት ሥር፣ ብብትና ፀጉር ፈትሹ።
2. ፖይዘን አይቪ የሚባለውን መርዛማ ተክል አሳዩ። አገር ቤት ስለሌለ አዲስ የመጣ ሰው በባዶ እጁ ይነቅለዋል። ሦስት ሦስት ቅጠል አለው፣ የመሐሉ ረዘም ያለ ግንድ አለው። ቅባቱ ቆዳ ላይ ከቀረ ለቀናት የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። የነካ ሰው ቶሎ ብሎ በሳሙናና ብዙ ውኃ ይታጠብ። በምንም ዓይነት አታቃጥሉት፣ ጭሱም ይጎዳል።
3. የፓርኩ መሪ ያላሳያችሁን ተክል አትንቀሉ። አረም የመሰላችሁ ነገር የተጠበቀ አበባ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 3፦ ፓርኩ የማን እንደሆነ አረጋግጡ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ አራት ዓይነት የፓርክ ባለቤት አለ፦ የፌደራል፣ የስቴት፣ የካውንቲ፣ የከተማ። ዛፉ ያው ነው፣ ሣሩ ያው ነው፣ ማመልከቻው ግን ሌላ ቦታ ነው የሚገባው።

ትልቁ ወጥመድ ስም ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለው የፌደራሉ የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። ሮክ ክሪክ ሪጅናል ፓርክ ደግሞ ሮክቪል አጠገብ፣ ኒድዉድ ሐይቅ ያለበት፣ የሞንጎመሪ ፓርክስ ነው። ግማሹ እንግዳ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ የሚሄድበት ቀን አይቻለሁ። ወጡ ከአንዱ፣ እንጀራው ከሌላው ጋር ነበር።

ሌሎችም አሉ። ጌይተርስበርግ ያለው ሴኔካ ክሪክ የስቴት ፓርክ ነው። ቦይድስ ያለው ብላክ ሂል ግን የካውንቲው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በርክ ሌክና ሌክ ፌርፋክስ የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ባለሥልጣን ናቸው፤ ቡል ረን ሪጅናል ፓርክ ደግሞ ኖቫ ፓርክስ የሚባል የሌላ ድርጅት ነው።

ሞንጎመሪ ፓርክስ ራሱ የካውንቲው አስተዳዳሪ መምሪያ አይደለም። ሞንጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን አንድ ላይ የሚይዝ፣ በ1927 የተቋቋመ የሜሪላንድ ናሽናል ካፒታል ፓርክና ፕላኒንግ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አካል ነው። ስለዚህ ለካውንቲው አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጽፋችሁ ፓርክ አትጠብቁ። የማኅበረሰብ ማዕከላትንና የመዋኛ ገንዳዎችን የሚያስተዳድረው የመዝናኛ መምሪያ ሌላ ነው። የትምህርት ቤት አዳራሾችንና የሲልቨር ስፕሪንግ ሲቪክ ሕንፃን የሚያከራየው ቢሮ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ደግነቱ ሦስቱም አክቲቭ ሞንጎመሪ በሚባል አንድ ድረ ገጽ ላይ ያስመዘግባሉ። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ገጹ አንድ ስለሆነ ሕጉም አንድ ይመስላል።

## ደረጃ 4፦ ቀኑን ምረጡ

ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ካሌንደር ግለጡ፦ የአሜሪካውን፣ የእኛን፣ የእግር ኳሱን።

* ጁላይ 4 የሚውልበትን ሳምንት ዝለሉት። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌደሬሽን ውድድር በዚያ አካባቢ ስለሚሆን ግማሹ ሰው ከተማ ውስጥ አይኖርም።
* እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። በ2027 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እሁድ ነው። እሁዱ ገና ካሁኑ የሚፈለግ ይመስለኛል።
* የሌበር ደይ ቅዳሜና እሁድ ሼልተር ለማግኘት ከባድ ነው፤ አሜሪካኖቹም ያን ቀን ይወዱታል።
* ፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21። በዚያ መሐል ጥብስ የምታቀርቡ ከሆነ ማን ይበላላችኋል?

ሁለት ተለዋጭ ቀንና ሁለት ተለዋጭ ፓርክ ጻፉ። አንድ ብቻ ይዞ የሚሄድ ኮሚቴ ተመልሶ ሌላ ስብሰባ ይጠራል፤ እስከዚያ ሁለተኛውም ይያዛል።

## ደረጃ 5፦ ሄዳችሁ እዩት

ፎቶ አይታችሁ አትያዙ። በምታስቡት ቀንና ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ፣ ሄዳችሁ የሚከተለውን ተመልከቱ፦

1. ፓርኪንግ ስንት መኪና ይይዛል? 150 ሰው ከጠራችሁ 60 መኪና ቢመጣ አይግረማችሁ።
2. ከፓርኪንግ እስከ ሼልተሩ ዊልቸር ይሄዳል? እማማ እቴቴ ዳገት አይወጡም።
3. ኤሌክትሪክና ውኃ አለ? "አለ" ከተባለ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩት።
4. ሽንት ቤቱ ስንት ነው? የት ነው?
5. የትኛው በር ነው? ዊተን ሪጅናል ፓርክ በሾርፊልድ መንገድም፣ በግሌናለን ጎዳናም ይገባል። ስልኩ በተሳሳተው በር ካስገባችሁ ሌላ ዓለም ነው። የሼልተሩን ትክክለኛ ነጥብ ካርታ ላይ ፒን አድርጋችሁ ያዙት፤ በኋላ ፍላየሩ ላይ ይገባል።

## ደረጃ 6፦ አመልክቱ

1. አክቲቭ ሞንጎመሪ ላይ አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት ለፓርኩ ቢሮ ደውሉና "ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነን፣ እንዴት ነው የምንመዘገበው?" በሉ። በግል ስም ከተከፈተ በኋላ ወደ ድርጅት ማዞር ራስ ምታት ነው፤ ለድርጅት የሚሰጥ ቅናሽ ካለም ያመልጣችኋል።
2. የሰው ቁጥር አታሳንሱ። "80 እንበል፣ ይርከስልን" የሚል አባል አይጠፋም። 200 ሰው ሲመጣ ፈቃዱ የሚሸፍነው 80ውን ነው።
3. ሰዓቱን ስትሞሉ ማዘጋጃና ማጽጃውን ጨምሩ። ፈቃዱ ከ10 ኤኤም እስከ 6 ፒኤም ከሆነ በ6 ፒኤም ጠረጴዛው ባዶ፣ ቆሻሻው ታስሮ፣ መኪናችሁ እየወጣ መሆን አለበት። ለእኛ ሰው ማዘጋጃ 2 ሰዓት፣ ስንብት ብቻውን 1 ሰዓት ስጡ።
4. "የዝግጅቱ መግለጫ" በሚለው ቦታ ሁሉንም ጻፉ። ሙዚቃ፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ የልጆች መዝለያ፣ የቡና ሥነ ሥርዓት። መደበቅ ዕለቱን ያበላሻል።
5. ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በዚህ ካውንቲ አማርኛ ብዙ ሰው የሚናገረው ቋንቋ መሆኑን ቢሮዎቹ ያውቃሉ። 10 ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለ ኢንሹራንስ እንዲያስተረጉም አታስገድዱት።

መልስ ከዘገየ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ኢሜይል ጻፉ፣ የማመልከቻ ቁጥራችሁን ርዕሱ ላይ አድርጉ። በስልክ የተባለውንም በዚያው ቀን "ዛሬ በስልክ እንዲህ ብለውኛል" ብላችሁ በኢሜይል መልሳችሁ ላኩ። ኋላ ክርክር ሲመጣ የሚታየው ኢሜይሉ ነው።

## ደረጃ 7፦ ተጨማሪ ፈቃዶች

### ኢንሹራንስ

ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ዝግጅት የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይጠየቃል። በብዙ ካውንቲዎች በአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የተለመደ መነሻ ነው፤ የእናንተን መጠን ቢሮው በጽሑፍ ይንገራችሁ። ማኅበሩ የዓመት ኢንሹራንስ ከሌለው ለአንድ ቀን የሚሸጥ የዝግጅት ኢንሹራንስ አለ።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚወድቅበትን ልንገራችሁ። ወኪሉ የሚልከው አኮርድ 25 የሚባል አንድ ገጽ ነው። ከታች በግራ "ሰርተፊኬት ሆልደር" የሚል ሳጥን አለ፣ እዚያ የፓርኩ ስም ይገባል። አባላት ይህን አይተው ጨረስን ይላሉ። አልጨረሱም። ቢሮው የሚፈልገው ፓርኩ "አዲሽናል ኢንሹርድ" ሆኖ እንዲጨመር ነው። የመጀመሪያው "ወረቀቱ ደርሶታል" ማለት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግን "ኢንሹራንሱ እሱንም ይሸፍናል" ማለት ነው። ለወኪላችሁ በዚህ ቃል ንገሩት። የፓርኩን ሕጋዊ ስምም ቢሮው ከላከላችሁ ኢሜይል ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ከራሳችሁ አትጻፉ።

ድንኳን፣ የልጆች መዝለያ ወይም ሞንታርቦ ከሚያከራያችሁ ሰው የራሱን ኢንሹራንስ ጠይቁ። "የለኝም ግን ችግር የለም" ካለ ችግር አለ።

### ድምፅ

ማይክና ስፒከር ራሱን የቻለ ፈቃድ ሊፈልግ ይችላል። ስፒከሩን ፊቱን ከመኖሪያ ቤቶች አዙሩት። አንድ ሰው ብቻ ቮልዩም የመቀነስ ሥልጣን ይኑረው፣ ዲጄው ደግሞ ይወቀው።

### ምግብ

ምግብ ለሕዝብ ከቀረበ ወይም ከተሸጠ የካውንቲው የጤና መምሪያ ጊዜያዊ የምግብ ፈቃድ ይመጣል። ከፓርኩ ፈቃድ የተለየ ነው፣ ፓርኩ አያወጣላችሁም። የት፣ ማን፣ በምን ኩሽና እንደተሠራ ይጠይቃሉ። "ቤታችን ነው የሠራነው" የሚለው መልስ ለሽያጭ ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። ፈቃድ ካለው ሬስቶራንት ማዘዝ ይቀላል።

ለአባላት ብቻ ቢሆንም ቴርሞሜትር ግዙ። ትኩስ ምግብ ከ135 ዲግሪ ፋራናይት በታች፣ ቀዝቃዛ ከ41 በላይ አይሁን። ሜዳ ላይ የቆየ ወጥ ከ2 ሰዓት በኋላ ይጣል፤ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ከ1 ሰዓት በኋላ። ዶሮ ወጥ ሲጣል ማየት ያማል፣ አውቃለሁ። ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ አውጡ፣ ቀሪው ተዘግቶ ይቀመጥ።

ክትፎና ጥሬ ሥጋ ወደ ፓርክ አታውጡ። የፈለገ ሰው ማታ ቤቱ ይብላ።

### እሳት፣ ማለትም ቡናው

ማመልከቻ ስንሞላ "እሳት አለ?" ሲባል ሁላችንም "የለም" እንላለን። ከዚያ በዕለቱ ሣር ላይ ከሰል ማንደጃ ተቀምጦ ዕጣን ይጨሳል። ለፓርኩ ጠባቂ ያ ክፍት እሳት ነው። ከፓርኩ ምድጃ ውጭ እሳት በአብዛኛው ይከለከላል።

ቢሮውን እንዲህ ጠይቁ፦ "ትንሽ የከሰል ምድጃ፣ በብረት ትሪ ላይ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው እየጠበቀው፣ ማጥፊያ አጠገቡ እያለ ይፈቀዳል?" ፎቶም አያይዙ፤ "የቡና ሥነ ሥርዓት" ሲባል ብዙ ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። ካልተፈቀደ በትንሽ የካምፕ ጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቆሌው ትንሽ ይቀንሳል፣ ቡናው ግን ይፈላል።

አመዱ። አንድ ዓመት የእኛ ሰው የጠፋ የመሰለውን ከሰል ፕላስቲክ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ደፋው። ከ20 ደቂቃ በኋላ በርሜሉ ሲጨስ የሮጥነው ሩጫ አይረሳኝም። ከሰል የሚደፋው ለትኩስ ከሰል ተብሎ በተቀመጠው ዕቃ ብቻ ነው። ከሌለ በብረት ባልዲ ውኃ አፍስሱበት፣ አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ ክዳን አድርጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ደመራ ለመለኮስ ካሰባችሁ ይህ መመሪያ አይበቃችሁም። ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጋር ከወራት በፊት የሚጀመር ሌላ ጉዳይ ነው።

### የቀረው ባጭሩ

ድንኳን፦ ካስማ ከመትከላችሁ በፊት ጠይቁ፣ መሬት ውስጥ መስመር አለ። በክብደት የሚቆም ድንኳን ይሻላል። ሽያጭና የመግቢያ ትኬት፦ በጽሑፍ ካልተፈቀደ አትሽጡ። አልኮል፦ ፈቃድ ካልተሰጣችሁ ጠጅም ቢሆን አልኮል ነው፣ በብርሌም ቢሆን።

## ደረጃ 8፦ ፍላየሩ አሁን ነው

የተፈረመው ፈቃድ ኢሜይላችሁ ውስጥ ሲገባ፣ ያኔ ብቻ ፍላየሩን ሥሩ። የሚከተለው ይኑረው፦

* የፓርኩ ሙሉ ስም፣ የሼልተሩ መለያና የካርታው ፒን።
* ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር። "10 ኤኤም፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት"። ሰሞኑን ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች "4 ሰዓት" ሲባሉ ልጆቻቸው ከሰዓት በኋላ ያመጧቸዋል።
* ዝናብ ቢመጣ ውሳኔው በየት ቴሌግራም ግሩፕ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነገር።
* አልኮልና የራስ ምድጃ እንደማይፈቀድ።

የሐበሻ ቀጠሮን አትታገሉት፣ አስሉት። ምሳ በ1 ፒኤም እንዲቀርብ ከፈለጋችሁ ፍላየሩ ላይ 11 ኤኤም ጻፉ። ለቢሮው የምትጽፉት ሰዓት ግን እውነተኛው ይሁን።

## ደረጃ 9፦ ዕለቱ

1. ፈቃዱን በወረቀት አትማችሁ ሁለት ሰው ይያዘው። ጫካ ውስጥ ስልክ ሊጠፋ ይችላል።
2. አንድ ሰው ፈቃዱ ከሚጀምርበት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ይገኝና የሼልተሩን ፎቶ ያንሳ። የተሰበረ ወንበር፣ የተጻፈበት ግድግዳ፣ ሁሉንም። ሰዓቱ ፎቶው ላይ ይቀራል።
3. ሌላ ቤተሰብ ሼልተሩ ውስጥ ተቀምጦ ካገኛችሁ አትጣሉ። ፈቃዱን አሳዩ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡ። እምቢ ካሉ የፓርክ ፖሊስን ድንገተኛ ባልሆነው ቁጥር ጥሩ። ቁጥሩን ከቀናት በፊት ስልካችሁ ላይ አስገቡት።
4. ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሁሉም ወደ መኪና ይግባ። ግድግዳ የሌለው ሼልተር ከመብረቅ አያድንም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። እናቶች "ምግቡስ?" ይላሉ። ምግቡ ይቆይ።
5. ልጆችን የሚጠብቅ በስም የተመደበ ሰው ይኑር፣ በተለይ ሐይቅ ባለበት። ሁሉም ይጠብቃል የተባለ ልጅ ማንም አይጠብቀውም።
6. ከማለቂያው ሰዓት 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ሙዚቃው ይቁም። ከዚያ በፊት የጀመረ ጽዳት አላየሁም።

የፓርክ ሠራተኛ መጥቶ ቅሬታ ካቀረበ የሚያናግረው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ሰው ከብቦ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲናገር ነገር ይከራል። የሚባለውን ስሙ፣ አስተካክሉ፣ ክርክሩን ሰኞ በኢሜይል አድርጉት።

## ደረጃ 10፦ ከዕለቱ በኋላ

ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ሆናችሁ ጠዋት ያነሳችኋቸውን ፎቶዎች ደግማችሁ አንሱ። ቆሻሻው በርሜል ከሞላ ከጎኑ አትቆልሉ፣ በመኪና ይዛችሁ ሂዱ። ማታ ቀበሮና ራኩን ይበትኑታል፣ የሚቆረጠው ደግሞ በመያዣነት ካስቀመጣችሁት ገንዘብ ነው።

የመያዣው ገንዘብ በተባለው ጊዜ ካልተመለሰ ሁለቱን ፎቶዎች አያይዛችሁ ጻፉ። ቀንሰው ከመለሱም በምን ምክንያት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ጊዜ "ግድግዳው ተጽፎበታል" ተብለን ነበር። የጠዋቱን ፎቶ ላክን፣ ገንዘቡ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ገንዘብ ያዡ ደረሰኞቹን፣ ጸሐፊው ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀትና የተጻጻፋችሁትን ኢሜይል ሁሉ ደረጃ 1 ላይ በከፈታችሁት ፋይል ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ ገጹን ክፈቱና የሚቀጥለው ዓመት ማስያዣ የሚከፈትበትን ቀን ፈልጉ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እንዲጮህ።